ከምረቃው ማግሥት

ውድ አንባቢ ሆይ፤ በአጠገብዎ ጋዜጣ ካለ እስቲ ገልጠው አንድ ነገር ይፈልጉልኝ። አዲስ መሣሪያ የተመረቀበት ዜና አይጠፋበትም። ምናልባት በፀሐይ ኀይል የሚሠራ ማብሰያ ይሆናል፤ ምናልባትም ውሃ የሚስብ አዲስ መኪና ይሆናል። በሥዕሉ ላይ ሪባኑ ተቈርጧል፤ እንግዶቹ በተርታ ቆመው ያጨበጭባሉ፤ ከሥዕሉም ግርጌ መሣሪያው የስንት ሺህ ሰው ኑሮ እንደሚያሻሽል ተጽፏል። ይህን ካገኙ በኋላ ሁለተኛ ነገር ይፈልጉልኝ፤ ይኸውም ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው ጋዜጣ እንዲሁ ተጨብጭቦለት የነበረው መሣሪያ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚናገር ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያውን ወዲያው ያገኙታል፤ ሁለተኛውን ግን ብዙ ጊዜ ፈልገው ሲያጡት ጋዜጣውን አጥፈው ያስቀምጡታል።

ይህ ጉድለት የጋዜጠኞች የቤት ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛ ባልደከምንበት ነበር። ነገር ግን ገንዘብ ዜናን ይከተላል፤ ገንዘቡ በሄደበትም ሥራው ይሄዳል፤ በመጨረሻም በአንድ ሩቅ መንደር አንዲት እናት ውሃ የምትቀዳበት መሣሪያ ይለወጥባታል። ለውጡ ወደ ደግ ይሁን ወደ ክፉ የሚታወቀው ከምረቃው ቀን በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ጋዜጠኛው ወደ ሌላ ምረቃ ሄዷል። ይህን በምሳሌ ለማስረዳት የአንድ የታወቀ መሣሪያ ታሪክ ላጫውትዎ። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።

ፕሌይፓምፕ የሚባለው መሣሪያ የተወለደው በደቡብ አፍሪካ ነው። ሐሳቡ እጅግ የሚማርክ ነበር። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ልጆች ተቀምጠው የሚሽከረከሩበት ክብ መጫወቻ ይተከላል፤ ከሥሩ ፓምፕ አለ፤ ልጆቹ እየሳቁ ሲያሽከረክሩት ፓምፑ ከጉድጓድ ውሃ እየሳበ ከፍ ብሎ በተተከለ ታንከር ውስጥ ያጠራቅማል፤ እናቶችም ከቧንቧው ይቀዳሉ። የታንከሩ አራት ጎኖች ደግሞ ማስታወቂያ ይለጠፍባቸዋል፤ ከማስታወቂያው የሚገኘው ኪራይ ለጥገና ይውላል። ጨዋታው ውሃ ሆነ፤ ማስታወቂያውም ጥገና ሆነ ማለት ነው። ነዳጅ አይፈልግም፤ ጢስ የለውም። ለጋዜጣ ከዚህ የበለጠ ምን ሥዕል ይገኛል?

ትሬቨር ፊልድ የተባለ የማስታወቂያ ሥራ ሰው መሣሪያውን በ1989 በአንድ የእርሻ ትርኢት ላይ አይቶ ወደደው፤ የመጀመሪያዎቹም ፓምፖች በ1994 ተተከሉ። በ2000 የዓለም ባንክ ሽልማት ሰጠው። በ2005 ኤሚ ኮስቴሎ የተባለች አሜሪካዊት ጋዜጠኛ በአገሯ ቴሌቪዥን ስለዚሁ ፓምፕ ደስ የሚያሰኝ ፊልም አቀረበች፤ ያን ያየ ሁሉ ልቡ ተነካ። በመስከረም 2006 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገ ትልቅ ስብሰባ፥ የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ሎራ ቡሽ ለዚህ ሥራ የ16.4 ሚሊዮን ዶላር ርዳታ መመደቡን ለዓለም ነገሩ። ዕቅዱም እስከ 2010 ድረስ 4,000 ፓምፖች ተተክለው ለ10 ሚሊዮን ሰዎች ውሃ እንዲሰጡ ነበር።

እንግዲህ አንባቢዬ፥ እርሳስዎን ያንሡ። 10 ሚሊዮንን ለ4,000 ብናካፍል ለአንዱ ፓምፕ 2,500 ሰው ይደርሰዋል። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል ብንል፥ ከአንዱ ፓምፕ በየቀኑ 37,500 ሊትር ይፈለጋል። መሣሪያው በደንብ ሲሽከረከር በሰዓት 1,400 ሊትር ይስባል ተብሎ ነበርና 37,500ን ለ1,400 ስናካፍል 27 ሰዓት ገደማ እናገኛለን። ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት ሳያርፉ መጫወት አለባቸው ማለት ነው፤ ቀኑ ግን 24 ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ስሌት ዘ ጋርዲያን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ በ2009 አወጣው። ማባዛትና ማካፈል የተማረ ልጅ ሁሉ የሚሠራው ሒሳብ ነው፤ ነገር ግን ጭብጨባው ደምቆ በነበረበት ወራት ፓምፑን ሲያመሰግኑ ከነበሩት ብዙዎቹ እርሳሳቸውን አላነሡም።

ከስሌቱ የከፋው ግን በየመንደሩ የደረሰው ነገር ነበር። ልጆች እስኪሰለቻቸው ይጫወታሉ፤ ውሃ ግን ሳይሰለች በየቀኑ ይፈለጋል። በትምህርት ሰዓትና በዕረፍት ወራት መጫወቻውን የሚያሽከረክረው ማነው? ኤሚ ኮስቴሎ በ2010 እንደገና ካሜራዋን ይዛ፥ በዚህ ጊዜ ወደ ሞዛምቢክ ተጉዛ፥ ያየችውን ሳትሸሽግ አሳየች። ተበላሽተው የቆሙ ፓምፖች ነበሩ፤ የሚሠሩትንም ቢሆን ጎልማሶች ሴቶች ጎንበስ ብለው በእጃቸው እየገፉ ያሽከረክሯቸው ነበር። ለጥገናው ይከፍላል የተባለው ማስታወቂያ በገጠር ተከራይ አላገኘም፤ በየጫካው መካከል ለቆመ ታንከር ማን ነጋዴ ገንዘቡን ያወጣል? ሌላውን ደግሞ ልብ ይበሉ። በብዙ ሥፍራ አዲሱ መሣሪያ የተተከለው ቀድሞ ይሠራ የነበረው ተራ የእጅ ፓምፕ ተነቅሎ ነው። የአዲሱ ዋጋ 14,000 ዶላር ገደማ፥ ማለትም የተራው አራት እጥፍ ያህል ነበር። የአገራችን ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

ለፍርድ እንዳንቸኩል ግን እውነቱን ሁሉ እንናገር። የውሃው ጥልቀትና የተማሪው ብዛት በተስማማበት አንዳንድ ትምህርት ቤት ፓምፑ አገልግሏል። ገንዘቡን ካዋጡት አንዱ የሆነው ኬስ ፋውንዴሽንም በ2010 ዕቅዱ እንዳልተሳካ በራሱ እጅ ጽፎ ለሕዝብ ገልጧል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ይልቁንም የሚያስመሰግነው ያች ጋዜጠኛ ቀድሞ ወዳመሰገነችው ነገር ተመልሳ መሄዷ ነው። ስንት ጋዜጠኛ ተመልሶ ይሄዳል?

ለምን አይመለሱም ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። መልሱ ብዙ ጊዜ ክፋት አይደለም። አንደኛው ምክንያት ሥዕል ነው፤ የሚስቁ ልጆች ያሽከረከሩት መጫወቻ ለዓይን ያምራል፤ ጎማው ያለቀበት የእጅ ፓምፕ ግን የፊት ገጽ አያስጌጥም። ሁለተኛው ምክንያት መሰናዶው ነው፤ ለምረቃ ቀን ጥሪ ይላካል፥ መኪና ይዘጋጃል፥ የሚነበበውም ንግግር ተባዝቶ ይታደላል። ለሦስተኛው ዓመት ግን የሚጠራ የለም፤ መኪናም አበልም አይታሰብም። ሦስተኛው ምክንያት ከሁለቱም የጠለቀ ነው፤ አዲስ ያልሆነ ነገር ዜና አይደለም የሚል ልማድ ስላለ ነው።

ይህ ሦስተኛው ልማድ ዓለምን ምን ያህል አጣሞ እንደሚያሳየን ከጦርነት ታሪክ ማየት ይቻላል። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በፊልም ያየ ሰው የጀርመንን ጦር የሚያስበው በታንክና በሞተር ብቻ ነው፤ በዚያን ዘመን የዜና ፊልሞች አብልጠው ያሳዩት የነበረው እርሱን ነውና። በሰኔ 1941 ያ ጦር ሶቪየት ኅብረትን ሲወር ግን ከ3,000 ታንኮቹ ጋር ከ600,000 በላይ ፈረሶች አሰልፎ ነበር። መድፉንና ስንቁን አብዛኛውን የሚጎትተው ፈረስ ነበር። ዴቪድ ኤጀርተን የተባለው የእንግሊዝ የታሪክ ሊቅ በ2006 ባወጣው መጽሐፍ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ የመሣሪያን ታሪክ በተፈለሰፈበት ቀን ብቻ ከጻፍን ሰዎች በእርግጥ በምን ሲሠሩ እንደ ኖሩ አናውቅም ይላል። ካሜራው ታንኩን ያያል፤ ስንቁን የሚያደርሰው ግን ፈረሱ ነው።

ወደ ውሃው እንመለስና የዘመናችንን ፈረስ እንየው። አፍሪዴቭ የሚባል የእጅ ፓምፕ አለ። በ1980ዎቹ ዓመታት በማላዊና በኬንያ እየተሞከረና እየተሻሻለ የተሠራ ሲሆን በአገራችንም ገጠር በብዙ ሥፍራ ያገለግላል። ሲሠራ የታሰበው ስለ ውበቱ ሳይሆን ስለሚበላሽበት ቀን ነው። የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ተብሎ፥ ብዙ ዓይነት መሣሪያ ሳያስፈልግ በአንድ መፍቻ እንዲፈታ፥ የሚያልቁትም የጎማ ቀለበቶቹና ኩሽኔታዎቹ በቀላሉ እንዲለወጡ ሆኖ ተዘጋጀ። የአሠራሩም ንድፍ የማንም የግል ንብረት ስላይደለ የቻለ ፋብሪካ ሁሉ ይሠራዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ያሰቡት ሰዎች ትልቅ ፈልሳፊዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሥዕላቸው በስንት መጽሔት ወጣ?

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፥ «እንግዲያው አሮጌው ሁሉ ጥሩ፥ አዲሱ ሁሉ መጥፎ ነው ማለትዎ ነውን?» ቢለኝ፥ አይደለም እለዋለሁ። የእጅ ፓምፕም ይሰበራል። የገጠር ውሃ ባለሞያዎች በ2009 ባወጡት ግምት ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ከተተከሉት የእጅ ፓምፖች 36 ከመቶ ያህሉ አይሠሩም ነበር። ከሦስቱ አንዱ ቆሟል ማለት ነው። ብዙ ጊዜም የሚያቆመው የፓምፑ እርጅና ሳይሆን የሚጠግነው ሰው፥ የሚገዛበት መለዋወጫና የሚያዋጣ የመንደር ማኅበር መጥፋት ነው። ይህም ራሱ ትልቅ ዜና ነበር፤ ነገር ግን ምርቃት ስለሌለው ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል።

አዲስና አሮጌ የሚለው ስም ራሱ ስንት ጊዜ እንደሚያታልል ደግሞ ከኤሌክትሪክ አውቶሞቢል እንማር። መንግሥታችን በ2024 በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ በጋዜጣ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ትናንት የተወለደ ተአምር መስሎ ይታያል። እውነቱን ለመናገር ግን በምድር ላይ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመሮጥ የመጀመሪያ የሆነው አውቶሞቢል የኤሌክትሪክ ነበር፤ ይህም የሆነው በ1899 ነው። በ1900 በአሜሪካ ከተሠሩት 4,000 ያህል አውቶሞቢሎች ውስጥ 1,575ቱ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ነበሩ። ስለዚህ አያታችን እንደ ሕፃን እየተዋወቀን ነው። ለኛ የሚጠቅመን ጥያቄ ዕድሜው ሳይሆን ይህ ነው፤ በክፍለ ሀገር ከተማ ባትሪው የት ይሞላል? ሲደክምስ ማን ይለውጠዋል? የመንደሩ መካኒክ ሥራውን የት ይማራል? ጋዜጣው እነዚህን ከጻፈልን አዲስ ባይለውም ጠቀመን፤ እነዚህን ትቶ ቀለሙንና ፍጥነቱን ብቻ ካደነቀ ግን የሻጩን ማስታወቂያ በነጻ አወጣለት።

ከቤታችንም ሁለት ምሳሌ ልጨምር። ኮንሶዎች በድንጋይ ካብ የሠሩት እርከን አፈሩ በጎርፍ እንዳይታጠብ ይይዛል፤ የዝናቡንም ውሃ ያቆያል፤ የተረፈውን በፈሰሱ ያስወጣል። ይህ ጥበብ ከ400 ዓመት በላይ፥ ለ21 ትውልድ ያህል ሲወራረስ የኖረ መሆኑ ተመስክሮለት ዩኔስኮ በ2011 በዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ስለ ኮንሶ ሲጻፍ ግን ዘወትር የሚጻፈው ለጎብኚ የሚያምር አገር መሆኑ ነው። በየዓመቱ ክረምት ባለፈ ጊዜ የፈረሰውን ካብ መልሶ የሚክበው ገበሬ፥ የሥራው ሥርዓትና ድካሙ፥ እንደ ጥንታዊ ትርኢት እንጂ እንደ ሕያው የእርሻ ብልሃት አይቈጠርም። «ዘላቂ ልማት» የሚለውን ቃል በየስብሰባው እንሰማዋለን፤ 400 ዓመት የቆየውን ግን በቱሪስት ዐምድ ውስጥ አስቀምጠነዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከማድ ቤት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን የተሠራው ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀላቅሎ የሚወጣ ሲሆን ምጣዱን ዙሪያውን ይከብበዋል። በፍተሻ እንደ ታየው በሦስት ጉልቻ ከሚነደው ክፍት እሳት ጋር ሲመዘን እንጨቱን ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። በትንሽ ወርክሾፕ፥ በቅርጽ ማውጫ ብረት፥ በእጅ የሚሠራ ነው። ምጣዱ የጥንት፥ እንጀራውም የጥንት፤ የተለወጠው የእሳቱ አያያዝ ብቻ ነው። አዲስም አሮጌም ነው፤ ምናልባት ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም ጋዜጣ በየትኛው ዐምድ እንደሚያስቀምጠው የሚቸገረው። እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ የምትወርድ ሴት ግን ግማሽ ሸክም ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ያለ ጋዜጣም ታውቀዋለች።

እንግዲህ ውድ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሁሉ ያወራሁት ጋዜጠኞችን ለማማት አይደለም። የምጽፈው ለእርስዎ ነው፤ እርስዎ ዛሬ ተማሪ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ቢሆኑ፥ ነገ የዕቃ መግዣው ደብዳቤ በእጅዎ ያልፋል። አለቃዎ ከጋዜጣ የተቈረጠች ሥዕል አያይዘው፥ «ይህ ነገር በውጭ አገር ታላቅ ውጤት አስገኝቷልና ይታይ» ብለው ይመሩልዎታል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላልና፥ ያን ቀን እነዚህን አራት ጥያቄዎች እንዲያስታውሱ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ፥ አዲሱ ነገር የሚተካው ምንድን ነው? የሚተካውስ ነገር አሁን ይሠራልን? ይሠራ ከነበረ ከመነቀሉ በፊት ሁለቴ ይታሰብበት። በሁለተኛ ደረጃ፥ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? የመለዋወጫው ዕቃ ከየት፥ በስንት ብር፥ በስንት ቀን ይደርሳል? መልሱ «ባለሞያ ከውጭ ይመጣል» የሚል ከሆነ፥ መሣሪያው ገና ሳይተከል ታሟል ማለት ነው። በሦስተኛ ደረጃ፥ የተጻፈው ቊጥር በማባዛትና በማካፈል ሲፈተን ይቆማልን? ባለ 27 ሰዓት ቀን የሚጠይቅ ዕቅድ በግርማው ሳይሆን በእርሳስ ይፈረድበታል። በአራተኛ ደረጃ፥ በዜናው ውስጥ የሚናገረው ማነው? ሰጪው፥ ሻጩና መራቂው ብቻ ከተናገሩ፥ ውሃ የምትቀዳው ሴት ግን በሥዕሉ ላይ ፈገግ ከማለት በቀር አንድ ቃል ካልተጻፈላት፥ ወሬው ገና ግማሽ ነው።

ለመጻፍ የሚያስብ ተማሪ ካለ ደግሞ አንድ ሥራ ልስጠው። በሰፈሩ ወይም በተወለደበት አገር ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቀ አንድ መሣሪያ ይምረጥ፤ ፓምፕም ይሁን ወፍጮ፥ የፀሐይ መብራትም ይሁን። ሄዶ ይየው። ይሠራ እንደ ሆነ፥ ስንት ጊዜ እንደ ተሰበረ፥ ማን እንደ ጠገነው፥ ለጥገናውም ስንት እንደ ተከፈለ ይጠይቅ። ሲሠራ ቢያገኘው እንዲሠራ ያደረገውን ሰው ስም ይጻፍ፤ የመንደሩ ጥገና ሠራተኛ ሪባን ከሚቈርጠው ሰው ያላነሰ ምስጋና ይገባዋልና። ቆሞ ቢያገኘውም ለምን እንደ ቆመ ያለ ስድብ ይጻፍ። እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ከመቶ የምረቃ ዜና ይልቅ ለሚቀጥለው መንደር ይጠቅማል።

በመጨረሻ ስለ ቃሉ ራሱ አንድ ነገር ልበል። እንግሊዞች ለዜና የሰጡት ስም «አዲስ» ከሚለው ቃላቸው የወጣ ነው፤ ምናልባት ጋዜጦቻቸው አዲስ ነገር ብቻ ቢያሳድዱ አይፈረድባቸውም። የኛ ቃል ግን እንደዚያ አያስገድደንም። በግዕዝ ዜና ማለት ወሬም ነው፥ ታሪክም ነው። ዜና መዋዕል ስንል የነገሥታቱን የዘውድ በዓል ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ከዘውዱ በኋላ ዓመት በዓመት የሆነውን፥ የተሠራውንና የፈረሰውን ማለታችን ነው። ለንጉሥ ይህን ያህል ከተጻፈለት፥ ሺህ ሰው ለሚጠጣበት ፓምፕ ቢያንስ የሦስተኛ ዓመቱ ይጻፍለት።